ዘር ሳትተካ አረፈች ለተባለችው ለየሺ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንድምሽ ደምሴ፣ በገዛ ቤታችን፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት፣ ልጃችንን ትርሲትን «መኩሪያ ከሠራተኛ የወለዳት ናት» አለ።

የሺዬ፣

ከተለየሽን አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ጽፌልሽ አላውቅም። ወር በገባ በአሥራ ስድስት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ከመቃብርሽ አጠገብ ስቀመጥ ያለውን ሁሉ በአፌ ስለምነግርሽ መጻፍ አላስፈለገኝም ነበር። የአሁኑ ግን ማን ምን እንዳለ ሳይዛነፍ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው። ደግሞም ተቆጥቻለሁ። ስቆጣ ድምፄ እንደሚጠፋ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ትርሲት አሥራ አምስት ዓመቷን ይዛለች። ቁመቷ አንቺን አልፏል፤ የበሩን ጉበን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ከቦኖ ውኃ ትቀዳለች። ትንሿን ባልዲ እስከ አፏ ትሞላና ዳገቱ ላይ ግማሹን ታፈሰዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትሞላለች። ሠልፈኛው መጀመሪያ ይጮህባት ነበር፤ አሁን «አሳልፏት፣ የመኩሪያ ልጅ ናት፣ ገና ሁለት ጊዜ ትመለሳለች» ይላል። ከአሮጌ ካፖርት ቆርጠሽ ትልልቅ ቁልፎች የሰፋሽበትን ጨርቅ ዛሬም ትራሷ ሥር ታደርገዋለች። አንዲቷን ቁልፍ ከቀዳዳዋ ለማስገባት ስምንት ወር ፈጅቶባችሁ ነበር። አሁን ቀሚሷን ራሷ ትቆልፋለች፤ የእኔንም ኮት ካልቆለፈች ወደ ሥራ አትለቀኝም። ከማተሚያ ቤት የተበላሸ ወረቀት አመጣላታለሁ፤ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ ታጥፈዋለች። የእኛ አጣፊዎች እንደ እሷ ቢሆኑ ጋዜጣው ተጣሞ አይወጣም ነበር።

ከመሪ መንደር ወተት እያመጣች ትሸጥልን የነበረችው አዴ ጫልቱ አሁን ከእኛ ጋር ናት። ባሏ ሲሞት በግቢያችን ያለችውን ክፍል ሰጠኋት፤ እሷ ደግሞ ቤቱን ያዘችልኝ። ትርሲት የሴት ወግ የደረሳት ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስመለስ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሽ መኩሪያ፣ አትጠይቅ። እሷም እኔም ደኅና ነን። አንተ ራትህን ብላ» ብላ መለሰችኝ። የዚያን ቀን አንቺን የፈለግሁሽን ያህል ፈልጌሽ አላውቅም። ልጅሽ ኦሮምኛ ተምራለች። በአማርኛ ያሏት ቃላት አሥራ አንድ ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በኦሮምኛ ስንት እንዳሏት አላውቅም፤ «ኮቱ» ብላ ስትጠራኝ ወደ እሷ መሄድ እንዳለብኝ ብቻ አውቃለሁ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭነው የሚወርዱትን አህዮች አጥሩ ላይ ሆና ትሰድባቸዋለች። ምን እያለች እንደሆነ አዴ ጫልቱን ብጠይቃት ሳቋን መግታት አቅቷት ሳትነግረኝ ቀረች።

ወደ ነገሩ ልግባ።

የወንድምሽ ልጅ ሰናይት ልትዳር ነው። ልጁ እዚሁ ከተማ የሚሠራ የመንገድ መሐንዲስ ረዳት ነው፤ ወላጆቹ ደብረ ብርሃን ናቸው። ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይጠይቃሉ፤ ዝምድና እንዳይኖር ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰቡ ምን ዓይነት ሕመም እንዳለም ያጣራሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ወንድምሽ በአጥሩ መሽሎኪያ በኩል መጣ። ቁጭ ሳይል፣ ትርሲትን አዴ ጫልቱ ለአንድ ወር መሪ ይዛት እንድትቆይ ጠየቀኝ። ስሟን አልጠራም። «ልጅቱን» አለ።

«ለምን?» አልኩት።

«አጣሪዎች ይመጣሉ። ግቢያችን ባንድ አጥር ነው።»

«ቢያዩዋትስ፣ ጋሼ?»

«እኅቴ ልጅ እንዳልነበራት ነው የሚያውቁት።»

«ማን ነገራቸው?»

ፈገግ አለ። «አንተ ነሃ! በጋዜጣህ።»

ከኪስ ቦርሳው አራት ቦታ የታጠፈ ቁራጭ አውጥቶ ሰጠኝ። ያንቺ የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። በጋዜጣ የወጣ ነገር ሐሰት ነው የሚል ሰው ስለሌለ፣ ለልጁ አባት ያሳየው ማስረጃ ይኸው ቁራጭ ነው። በስድስተኛው መስመር ላይ፣ «ዘር ሳይተኩ በማረፋቸው ሐዘኑን መሪር አድርጎታል» ይላል።

ሰኞ መዝገብ ቤት ገባሁ። የሐዘን ማስታወቂያ ሁሉ ዋናው ተይዞ ይቀመጣል፤ ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ወረቀቱን አገኘሁት። ጽሑፉ የደምሴ እጅ ነው። ከላይ በቀይ እርሳስ «ይውጣ» ይላል። ያ ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

የሺ፣ እዚህ ላይ ምንም አልደብቅሽም። በተቀበርሽ በሦስተኛው ቀን ደምሴ ወረቀቱን ድንኳን ውስጥ አመጣልኝ። አነበብኩት። የአባትሽን ማዕረግ ባላምባራስ ብሎ ጽፎት ስለነበር ሰርዤ ግራዝማች አልኩት። የአባትሽን ማዕረግ አርሜ ልጅሽን አለፍኳት። ዐረፍተ ነገሩን አላየሁትም ልልሽ እፈልግ ነበር። ዛሬ ግን አይቼው ይሆናል እላለሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ምነው አንድ ልጅ እንኳ ሰጥታህ በሄደች» ሲለኝ ነበር፤ ማረም ደክሞኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ልጅሽ በዚያን ጊዜ ጓዳ ነበረች። ደምሴ «ሰው ታስደነግጣለች» ብሎ አስገባት፤ እኔም ዝም አልኩ። መርዶ እንኳ የነገራት ሰው አልነበረም። አይገባትም ተባለ። በስምንተኛው ቀን አዴ ጫልቱ ወተት ይዛ መጥታ፣ ልጅቱ ከበሩ ሥር ነጠላሽን ይዛ ተቀምጣ አገኘቻት፤ እጇን ይዛ ወደ እንጦጦ ዳገት አሳየቻትና በቋንቋዋ አንድ ነገር አለቻት። ትርሲት ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ገብቷታል።

ስለዚህ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት ጥፋተኞች ነን። እኔ በድካም አሳለፍኩት። ወንድምሽ ግን እያወቀ ጻፈው፤ ለምን እንደሚፈልገውም እያወቀ አራት ዓመት ኪሱ ውስጥ አኖረው። ያኔ ሰናይት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሊድራት ማሰብ የጀመረው አንቺን በቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ሁሉ ማስታወስ ሥራዬ ሆኗል። የፋሲካ ዕለት፣ ትርሲት አራት ዓመቷ ሆኖ ገና መቆም ስትጀምር፣ ወንድምሽ ቤት በግ ታርዶ ሰው ተሞልቶ ሳለ «ይቺን ጓዳ አስገቢልኝ» ያለሽን አስታውሳለሁ። አስገባሻት፤ አንቺም አብረሻት ገብተሽ እዚያው በላሽ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት ፋሲካዎች ማንም ሳይነግርሽ በቀጥታ ጓዳ ትገቢ ነበር። እኔ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ስለ ከተማው ወሬ አወራ ነበር። ተመልሰን ስንመጣ ስለ ሥጋው ጣዕም ነበር የምታወሪኝ።

ደጉንም አስታውሳለሁ። ሰባት ቀን ጸበል ያስጠመቅሻትን ጊዜ። አዝለሻት እንጦጦን በእግርሽ ስትወጪ እኔ ከኋላ ጀሪካን ይዤ እከተል ነበር። ሰው ሁሉ ትጮኻለች፣ ትለፈልፋለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ውኃው ፊቷ ላይ ባረፈ ቁጥር ትስቅ ነበር። በሰባተኛው ቀን ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ «እመቤቴ፣ ይህች ልጅ ሰይጣን የለባትም። ውኃ ትወዳለች» አሉሽ። አንቺ ስትወርጂ መንገዱን ሙሉ እየሳቅሽ አለቀስሽ። በሳምንቱ ትርሲት የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች። «ውኃ» ነበር።

እርማቱን የጻፍኩት ከመዝገብ ቤት በወጣሁበት ቀን ነው። ዘጠኝ መስመር ሆነ። በሐዘን ማስታወቂያው ዘር ሳይተኩ አረፉ የተባለው ስህተት መሆኑን፣ ወይዘሮ የሺመቤት ትርሲት መኩሪያ የምትባል ልጅ እንዳላቸው፣ ልጅቱ በሕይወት እንዳለችና ከአባቷ ጋር እንደምትኖር፣ ማስታወቂያውን ያሳለፈውም አባትየው ራሱ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ሰባት መስመር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ደግሞ ማስታወቂያውን የጻፈው፣ ልጅቱ መኖሯን የሚያውቀው የሟቿ ወንድም አቶ ደምሴ መሆኑን ይገልጻሉ።

ባለፈው ሳምንት ማብቂያ ላይ፣ ፊደል ለቃሚው ከለቀመው በኋላ፣ ዋና አዘጋጃችን አስጠራኝ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ሲናገረኝ ይጠነቀቃል። «ጋሽ መኩሪያ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይቁረጡልኝና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይውጣ» አለኝ።

«ውሸት አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

«እንግዲያስ?»

«ሰባቱ እርማት ናቸው። ሁለቱ ዱላ ናቸው።»

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ እንዳስተማርኩት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ደምሴ ስለ እርማቱ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ለሞተ ሰው እርማት! ተነሥታ ታነበው ይመስል!» አለኝ። እኔም «ለሞተው አይደለም፣ በሕይወት ላለው ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ማለት ትቻለሁ። ሳቁን ሲጨርስ ይለምነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልለመነኝም። እርማቱ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ሊጨርስ ተጣደፈ፤ አጣሪዎቹ በቶሎ እንዲመጡ ላከባቸው።

ትናንት መጡ። ላምበረት ከመኪና ወርደው በእግራቸው ነው የደረሱት፤ ሦስቱም ከዘራ ይዘዋል። ወንድምሽ ቤት ተስተናግደው ሲያበቁ የእኅቱንም ባል ካላየን አሉ፤ ወግ ስለሆነ እምቢ ሊላቸው አልቻለም። አልልክም ብዬው ስለማላውቅ፣ እሱ «የነገርኩትን አድርጓል፣ ልጅቱ መሪ ናት» ብሎ አስቦ ነበር። አልላክኋትም። አስቤ ነው ያልላክኋት።

እንደ ተቀመጡ ትርሲት ከጓሮ ገባች። ሰላም ብላ ሦስቱንም ከዘራ ከእጃቸው ተቀበለችና በቁመታቸው ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ አስደገፈቻቸው። መሐለኛዋ ትንሽ ብታዘነብል ተመልሳ አቃናቻት። ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ በቀለ ይባላሉ፣ ሳቁ። «እኛን እንዲህ በመልክ በመልክ ያስቀመጠን የለም! የማን ልጅ ናት ይቺ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ደምሴ ቀደመኝ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩልሽን አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ የሚያፍርልኝ መስሎ ነው ያለው። አቶ በቀለ ወደ እኔ ተመለከቱ። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። ቃሉ በሦስት ሰው ጆሮ እንዲገባ ፈልጌ ነው። እሑድ የመጨረሻ መልሳቸውን ሊሰጡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ጋዜጣው ይወጣል። አንብበው ሲመጡ፣ እሱ በፊታቸው በአፉ ያለውን ሊክድ እንዳይችል አድርጌ ልይዘው ነው። ለስሙ የሚሳሳ ሰው ነው። የእድር ዳኛ ነው፤ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠራው እሱን ነው። በዚያው በሚሳሳለት ስሙ ልመታው ፈለግሁ። የእኔ ዝምታ ለዚህ ነበር። ሲሄዱ ትርሲት ከዘራዎቹን ለየባለቤታቸው ስትመልስ አንድም አልሳተችም።

በሩ ሲዘጋ አዴ ጫልቱ ከጓዳ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። «የኔ ናት ካለ የኔ ናት፤ የሚያሳፍረኝ መስሎታል?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ ጋሽ መኩሪያ? ወረቀትህ ቅዳሜ ይናገራል። አፍህ ግን ዛሬ ነበር የሚፈለገው።»

ድንኳን ውስጥ ደክሞኝ ዝም ያልኩት፣ ትናንት ደግሞ ተንኮል ይዤ ዝም ያልኩት፣ ለልጅቱ ያው አንድ ነው። ይህን እየጻፍኩልሽ ያፈርኩት በዚህ ነው። ቁጣዬ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ እንድክዳት ያደረገኝ ያው አንድ ሰው ስለሆነ ጨምሯል።

ዛሬ ጠዋት ሰናይት መጣች። አባቷ ትናንት ያለውን ከአቶ በቀለ አፍ ሰምታዋለች። ልጅ ሳለች ትርሲትን በአጥሩ መሽሎኪያ እየወሰደች ፀጉሯን ስትሠራት የምትውለው እሷ ነበረች። ዓይኗ አብጧል። ትርሲት የቀሚሷን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈትታ እንደገና ስትቆልፍላት ሳትንቀሳቀስ ቆመችላት።

«ጋሽዬ» አለችኝ፣ «የአባዬን ስም ብታወጣው የሚወድቀው እኔ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግሁም። ከጅምሩ አውቄው ነው የጻፍኩት።

«ልለምንህ አልመጣሁም። ልጁን ሐሙስ አመጣዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ተዋቸው፤ እሱ ራሱ መጥቶ ትርሲትን ይያት፣ የአክስቴ ልጅ ናት እለዋለሁ። ከዚያ የሚሄድ ከሆነ ይሂድ፤ ሳልወልድለት ማወቁ ይሻለኛል።» ደግሞም «አባዬን ግን …» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

የሺ፣ አንቺ ብትኖሪ ምን እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሁለቱን መስመር ቁረጥ ትይኝ ነበር። ሰባት ፋሲካ ጓዳ ተቀምጠሽ አንድ ቀን እንኳ ስሙን በክፉ አላነሣሽም። እሱን አንቺ ይቅር ብለሽዋል። አንቺ ግን ሞተሻል፤ በተቀበርሽ በሦስተኛው ቀን ልጅሽን ከስምሽ ላይ የፋቀው ደግሞ ይቅር ያልሽው ሰው ነው። አንቺ የማርሽለትን እኔ እንድምርለት የሚያስገድደኝ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ሰናይትን ሳስብ እጄ ወደ መቁረጡ ይሄዳል። ያን የታጠፈ ቁራጭ ሳስብ ይመለሳል።

ሰባቱ መስመሮች ምንም ቢመጣ ቅዳሜ ይወጣሉ። ከአሁን በኋላ ስምሽ በተጻፈበት ሁሉ የልጅሽ ስም አብሮት እንዲጻፍ፣ በተጠራበትም አብሮት እንዲጠራ አደርጋለሁ፤ በዚህ አትጠራጠሪ። ደግሞም በሚቀጥለው ጊዜ የማን ልጅ ናት ተብሎ ሲጠየቅ ጋዜጣ አልጠብቅም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ በአሥር ሰዓት ሰናይትና ልጁ ይመጣሉ። ዋና አዘጋጁ ገጹ ወደ ማተሚያው ከመውረዱ በፊት፣ ዓርብ በስድስት ሰዓት፣ ስለ ሁለቱ መስመሮች መልሴን ይጠብቃል።